ቡዜን የወሰደው ጉማሬ

ሉሊት ለጡት ካንሰር ትምህርት ብላ ከቡልቡላ ወደ አዳማ ሚኒባስ ስትሳፈር ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ወገቧ አልቋል፤ ጨዋታዋም ወደ ማለቁ ነው። ታናሽ እህቷ ጂጂ መንገዱን ሙሉ "እትዬ፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው" ስትላት መጣች።

የሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁሉም የጡት ካንሰር ከቤታቸው ሰው የወሰደባቸው ናቸው። ነርሷ ሲስተር አማል ወረቀት አደለቻቸው።

"እናት፣ አክስት፣ አያት ጻፉልኝ። በምን እንደሞቱም። በአንድ ወገን በዚህ በሽታ የሞተ ሁለት ሰው ካለ በዘር የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያማችሁ በፊት እንመረምራችኋለን።"

ጂጂ ከእናቷ ስም አጠገብ "ካንሰር"፣ ከእናቷ እህት ከአክስቷ ቡዜ ስም አጠገብ "ጉማሬ" ብላ ጻፈች።

"ጉማሬ?" አለች ሲስተር አማል።

"አዎ ሲስተር፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ። ከነጃንጥላዋ ነው የዋጣት። ሳምንት ሙሉ አፉን በከፈተ ቁጥር ጃንጥላው ይዘረጋ ነበር አሉ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሆራ የምትባለው እንባዋን እየጠረገች "ከዚህ በሽታስ ጉማሬው ይሻለኛል!" አለች።

ሉሊት አልሳቀችም። ጃንጥላውን የጨመረችው እሷ ናት። ቡዜ ስትሞት የበሽታውን ስም ቤት ውስጥ መጥራት ነውር ነበር፤ ከተሰማ የቤቱን ሴቶች ልጆች የሚያገባ ይጠፋል። የስድስት ዓመቷ ጂጂ "ቡዜስ?" እያለች ስታስቸግር፣ ሉሊት ጉማሬ ፈጠረችላት። ከዚያም በየዓመቱ አደለበችው።

"እንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው" አለች ጂጂ ወረቀቷን እያስረከበች። "የእማዬ የዕድል ነገር ነው። ተነሺ እትዬ፣ እንሂድ።"

ሉሊት ከወንበሯ አልተነሳችም።

"ቁጭ በይ። ጉማሬ የለም።"

"ዝዋይ ሞልቶ የለ እንዴ!"

"ዝዋይስ አለ። ቡዜን የወሰደ ግን የለም። አዳሚ ቱሉ፣ ቤቷ ውስጥ ነው የሞተችው፤ ጡቷ ቆስሎ። ጨርቁን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ።"

ጂጂ ወደ እህቷ ዞረች።

"ጃንጥላውስ?"

"ቁም ሳጥኑ ላይ አለ።"

ጂጂ ወረቀቷን መልሳ ተቀበለች። "ጉማሬ" የሚለውን ሰረዘችና እስክሪብቶውን ለእህቷ ዘረጋች።

"አንቺው ጻፊው።"

ሉሊት ጻፈችው። ሲስተር አማል ሁለቱንም ለማክሰኞ ምርመራ መዘገበቻቸው።

ሲመለሱ ጂጂ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ ጣላት። እንደ ወትሮዋ የእትዬ ትከሻ ላይ አልተደገፈችም፤ መስኮቱ ላይ ነው።