የወደራዋ ሎሚ

ቅናተኛ ነሽ ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ። የቀናሁት በገዛ ባሌ ነው፤ የጎረቤት ባል አልነጠቅሁ። ባሌ ከእጄ ሲወጣ ዝም ብዬ ከማይ፣ ጮኼ ነጌሌ ሙሉ ቢስቅብኝ ይሻለኛል።

ባሌ ገብረመስቀል አስተማሪ ነው። እኔ ደግሞ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነጌሌ ላይ የከፈታትን ሱቅ ይዤ ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ከመጋባታችን በፊት ገብሬ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደራ የምትባል ጎረቤት ከተማ ተመድቦ ነበር። እዚያ ሎሚ የምትባል ልጅ ነበረች። ይህን የነገረኝ እሱ እንዳይመስላችሁ። የሠርጋችን ዕለት ጠጅ ሞቅ ያደረገው ጓደኛው ኃይለሚካኤል ነው፣ «ይኼ ሰውዬ እኮ ወደራ ሊቀርብን ነበር! ሎሚ ፊደል አልያዝላት ብሎ፣ ማታ ማታ እቤቷ እየሄደ ያስጠናት ነበር» ብሎ የለፈለፈው። እድምተኛው ሁሉ ሳቀ። ገብሬ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሙሽራ በሠርጉ ቀን ጫማውን የሚያየው ምን ሆኖ ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት እኔ ቤት አብራን ትኖራለች። አይቻት አላውቅም። ግን ራት ስናቀርብ አለች፤ ገብሬ በመስኮት አሻግሮ ዝም ብሎ ሲያይም አለች።

ገብሬ ሞተር ብስክሌቷን የገዛት በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጠለት። ሞተር ከተባለች ማለቴ ነው። በጣም ትንሽዬ ናት፤ ገብሬ ሲቀመጥባት ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፣ ከኋላ ሲያዩት የልጁን መጫወቻ የቀማ አባት ይመስላል። ቤንዚኗ ከዘይት ጋር ተበጥብጦ ስለሚቀዳላት ጭሷ ሰማያዊ ነው፤ ድምጿ ደግሞ ጆሮ ይበሳል። የሰፈር ልጆች ጢንዚዛ የሚል ስም አወጡላት።

እኔ ግን ወደድኳት። ለምን ብትሉ፣ ዳገት አትወጣም። ሜዳ ሜዳውን ትከንፋለች፤ ወደራ ሊደረስ ሲል ያለው ዳገት ላይ ስትደርስ ግን ትስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። አንድ ቅዳሜ ገብሬ «የመምህራን ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወደዚያው ወጥቶ፣ ማታ ላይ በከሰል መኪና ከከሰሉ ጋር ተጭኖ ተመለሰ። እሱም ሞተሯም ጠቁረው መጡ። ያን ቀን ቆንጆ ክትፎ ሠራሁለት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ጎረቤታችን ጀይላን መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከሱቃችን ጀርባ ነው፣ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ። እሱ ነው የነገሩ ሁሉ መነሻ። ሞተሯን ፈታትቶ አየና፣ «መምህር፣ ሞተሯ ደህና ናት። ካርቡራተሯ ነው አፉ የጠበበ። ቤንዚንና አየር እንደልብ አያስገባላትም፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት ለዚያ ነው። ሰፋ ያለ ቢቀየርላት ግድግዳ ትወጣለች» አለው።

ግድግዳ! ምናለ ዝም ቢል? ስንት የሚሠራው መኪና ደጁ ላይ ተደርድሮ የኔን ቤት ለማፍረስ ጊዜ አላጣም።

ገብሬ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አላወራም። ሞያሌ ለሚመላለስ ሹፌር ነግሮ፣ ከትልቅ ሞተር ላይ የወለቀ ካርቡራተር አስመጣ። በስዋሂሊ ጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። እኔ ተኩሼ ያስቀመጥኩለትን መሐረብ አውጥቶ ሲወለውለው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ ሲያጮልቅ አመሸ። ሆዱ ውስጥ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበታል፤ እሱ ግን ያንንም እያየ ፈገግ ይላል። በብረት ቀናሁ እላችኋለሁ።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ዳገት እንድትወጣ ነው።»

«የትኛውን ዳገት?»

«ዳገት ሁሉ ዳገት ነው፣ በለጡ።»

አይደለም። እኔ የማውቀው ዳገት አንድ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ገብሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጀይላን ጋ ገባ። ምሳው እንዳይቀዘቅዝ በሳህን ይዤለት ተነሳሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ የጀይላን ድምፅ ተሰማኝ።

«ስማኝ መምህር፣ ያለ ሎሚ አይሆንም።»

ሳህኑን እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ።

«ሌላ መላ የለውም?» አለ ገብሬ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

«ሞክረን አየን አይደል? ወላሂ፣ እንደ ሎሚ የሚሆን የለም።»

«እዚሁ ነጌሌ አይሻልም?»

«ኧረ ተወኝ! የነጌሌዋ ደረቅ ናት፣ ጎጋ! ጠብ የሚል ነገር የላትም። የወደራዋ ናት የምትሻለው።»

«አንድ ሌሊት ይበቃል?»

«አንድ ሌሊት ከሎሚ ጋር ይደር። ጠዋት ታየዋለህ፣ አዲስ ሆኖ ነው የሚነሳው። ካልበቃው ይደግማል።»

ይደግማል! የነጌሌዋ ደረቅ እኔ መሆኔ ነው። የጋራዡን በር በእግሬ በርግጄ ገባሁ።

«ደረቅ! እኔ ደረቅ!» አልኩ። ምሳው የት እንደወደቀ አላውቅም። «አንተ ጀይላን፣ ከተማው ስኳር ሲያጣ ለእናትህ ደብቄ ያቆየሁላት እኔ ነኝ ደረቅ? ባሌን ወደራ ልታሳድርልኝ ነው? ከሎሚ ጋር? ያውም ሊደግም?»

ጀይላን አፉን ከፍቶ አየኝ። በአንድ እጁ ካርቡራተሩን፣ በሌላው አንዲት የጠወለገች ሎሚ ይዟል። ሎሚዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር።

«እትዬ በለጡ፣ ወላሂ ገደሉኝ! ይህችን እኮ ነው! የሚጨመቀውን ሎሚ! ካርቡራተሩ ዝጓል፤ ሎሚ ውስጥ ካደረ ዝገቱ ይለቃል። ይደር ያልኩት ብረቱን ነው፣ ብረቱን!»

ምን ልበል? እኔም ልስቅ አፌ ተከፍቶ ነበር። የተዘጋው ገብሬን ሳየው ነው። እሱ አልሳቀም። ስሟን ከአፌ ሲሰማ ደንግጦ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እንደዚያን ቀን ጫማውን ያያል። ጀይላን የሚያውቀው ፍሬውን ብቻ ነው። ገብሬ ግን እኔ ማንን እንዳልኩ ገብቶታል።

«ውሰደኝ» አልኩት።

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ። ሞተርህ ስትሠራ መጀመሪያ የምትወጣው ዳገት እሱ ይሁን፤ እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ። ዓይኔ እያየ ይለይለት።»

«ተይ በለጡ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ደረቅ ነኛ። ደረቅ ሴት ደግሞ አትተውም።»

የወደራ ሎሚ በእህል መኪና መጣ። ካርቡራተሩ ጭማቂው ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ፤ ጠዋት ጀይላን በጥርስ ብሩሽ ሲፈትገው ዝገቱ እንደ ንፍሮ ልጣጭ ተነሳ፣ የውስጡም ናስ አብረቀረቀ። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የአዲሱ አፍ ከሞተሯ ጋር አልገጥም አለ። ጀይላን ከተጣለ የወፍጮ ሞተር ላይ አሉሚኒየም ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ማገናኛ ሠራለት፤ ከወፍራም ካርቶንም ማሸጊያ ቆረጠለት። ሲያስነሷት ቤንዚኑ በዝቶባት ታነቀች። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ፈትተው ቢያዩት ከል የመሰለ ጥቁር ነው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነበር፤ ስትታነቅ ደስ አለኝ። ጀይላን ግን እልኸኛ ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነውን መርፌ ዝቅ አድርጎ ይገጥማል፣ ያስነሳል፣ ካንዴላውን ፈትቶ ያያል፣ እንደገና ይፈታታል። ካንዴላው ቡናማ ሆኖ በወጣ ጊዜ ሁለቱም እንደ ልጅ ተቃቀፉ። «አሁን ተነፈሰች መምህር!» አለ ጀይላን። የኔ ትንፋሽ ነው እንግዲህ ያጠረው።

እሁድ ጠዋት ወጣን። ገብሬ ከኋላ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈልኝ። እኔ ድሮም ቀጭን አይደለሁም፤ ያን ቀን ደግሞ ሆን ብዬ ቁርሴን ጠገብ አድርጌ በላሁ። ኬላው ላይ ጠባቂው ሁለታችንን በዚያች ጢንዚዛ ላይ ሲያይ መታወቂያ መጠየቁን ረስቶ ሳቀ። አላፈርኩም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አስሬ፣ ወገቡን ጭምቅ አድርጌ ይዤ፣ አቧራውን እየዋጥኩ ሄድኩ።

ዳገቱ መጣ። «ታነቂ፣ ታነቂ፣ እባክሽ ታነቂ» እላታለሁ በሆዴ። ቀድሞ የምትቆምበት ቦታ ላይ ስንደርስ ገብሬ እጀታውን ጠመዘዘው። ጮኸች እንጂ አልሳለችም። እኔን ከነቁርሴ ተሸክማ ወጣችው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ገብሬ ዞሮ «አየሽ! አየሽ በለጡ!» አለኝ። አየሁ እንጂ፤ ከዚህ በኋላ ወደራ ለሱ ደጁ ናት።

ከተማው ውስጥ ስንገባ «እንግዲህ ቤቷን ጠይቅ» ልለው ስል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከገበያው ጀርባ ታጠፈ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ያ መታጠፍ ነው።

ቤቱ ሻይ ቤት ሆኗል። በሩ ላይ የቆመችው ሴት እንደፈራሁት ቆንጆ ናት፤ ይህን አልዋሽም። መለሎ፣ ዓይናማ፣ ሻሿን ወደኋላ ያሰረች። «አካም፣ ናጋ? ኮታ፣ ግቡ፣ አቧራ ጨረሳችሁ እኮ» ብላ አስቀመጠችን። ገብሬ «ሎሚ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። እሷ «አቤት» አለች፤ ሰው ሁሉ ስሟን ጠርቶ ነው ሻይ የሚያዛት። ሻዩን ቀዳችና ወደኔ ዞረች።

«አባወራሽ ነው? ስኳር ይጨመርለት?»

አላወቀችውም።

ገብሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብረመስቀል ነኝ።»

«እንኳን ደህና መጡ» አለች፣ በአንቱታ።

«በመሠረተ ትምህርት ጊዜ... እዚህ አስተምር ነበር።»

«ኤዬ፣ ያኔ ብዙ አስተማሪ መጥቶ ነበር» ብላ ብርጭቆዎቿን ማጠቧን ቀጠለች።

እልል ማለት ነበረብኝ። ስንት ዓመት ያንገበገበችኝ ሴት ባሌን ከመንገደኛ አትለየውም! ሻዩን ፉት አልኩት፤ እንዲህ የጣፈጠ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ከዚያ ቀና ብዬ ገብሬን አየሁት። የሚያቃጥለውን ሻይ ሳያበርድ ይውጠዋል። ትከሻው ወርዷል። የተቀጣ ተማሪ መስሏል፤ እሱን ማየት አቃተኝ። ንዴቴ ሁሉ መንገዱን ቀይሮ ወደ እሷ ዞረ። እኔ እንዲህ የምቃጠልበትን ሰው እሷ ማን ሆና ነው የምትረሳው?

«እንዴት አታውቂውም?» አልኳት ብድግ ብዬ። «እዚሁ ቤት ፊደል ያስቆጠረሽ እኮ ነው! ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥ ወተት ያመጣሽለት! አንቺ አይደለሽም በማንኪያ ያጠጣሽው?» የወተቱን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ታምሜ ሲያስታምመኝ አምልጦት ነው የነገረኝ። ማን እንዳመጣችለት አልነገረኝም፤ ድምፁ ነገረኝ።

ሎሚ ጨርቋን እንደያዘች ቆመች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ስለ እሱ እየለመንኳት መሆኑ ገባት።

«ኤዬ! ወተቱ!» አለች ግንባሯን መታ አድርጋ። «ወዮ፣ እንዴት ረሳሁ! ቀጭኑ መምህር! እሱማ ይረሳል እንዴ?»

ገብሬ በሕይወቱ ቀጭን ሆኖ አያውቅም። በዘመቻው ጊዜ የተነሳው ፎቶግራፍ ግድግዳችን ላይ አለ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ሆዱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። መዋሸቷን አወቅሁ፤ ማወቄንም አወቀች።

እሱ ግን አመነ። ትከሻው ተነሳ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ በራ። ከተጋባን ጀምሮ ያንን ፊት ስፈልገው ኖሬ፣ እኔው በገዛ አፌ ለምኜ ለሌላ ሴት አበራሁት።