ከማኅተሙ በላይ የተጻፈው

ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲሰጣችሁ ከማኅተሙ በላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አትዋሹ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን ክብ ሰማያዊ ቀለም ነው። እሷን ካያችሁ በኋላ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ትከታላችሁ። ከሥራ ያባረራችሁ ደብዳቤ ማኅተም ነበረበት፤ ኡጋንዳ ላይ ስደተኛ ናችሁ ያላችሁም ወረቀት ማኅተም አለበት። ስለዚህ አያንቱ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

አያንቱ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ናት። ናካዋ በሚባለው የኡጋንዳ ዋና ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ፣ የስደተኞቹ መረዳጃ ማኅበር ሁለት ክፍል ተከራይቷል። ሁለተኛው ቢሮ ነው፤ በአንደኛው ሦስት ኮምፒዩተሮች አሉ። አባላቱ ለጠበቃ የሚጽፉት፣ የጥገኝነት ቅጽ የሚሞሉት፣ ለዘመድ የሚልኩት በእነሱ ነው። ሦስት የተለያዩ ሰዎች የለገሷቸው ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ትልቁ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ ነው፣ አንዱ ላፕቶፕ ማክ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሊጣል ሲል የተለገሰና አያንቱ ሊኑክስ ጭና ነፍስ የዘራችበት አሮጌ ማሽን ነው።

በየካቲት አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሶሬሳ ፍላሽ ይዘው መጡ። አቶ ሶሬሳ ሰው ሲሞት ቀድመው የሚደርሱ፣ ሰው ሲታሰር ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ማን ይጠረጥራቸዋል?

«አያንቱዬ፣ ይኼ ኢንተርኔት እየተንቀራፈፈ ሰዉን አስመረረው። ይቺን በሦስቱም ላይ ጫኚልኝ። ፕሮክሲ ናት አሉ።»

«እነማን ናቸው ያሉት?»

«የሚያውቁ ሰዎች ናቸዋ።»

ፕሮክሲ ማለት እዚያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቆም በረኛ ነው። የሚወጣውም የሚገባውም ገጽ በእሱ በኩል ያልፋል። አንዱ የከፈተውን አስቀምጦ ለሚቀጥለው ከዚያው ስለሚያቀብል ፍጥነት ይጨምራል ይባላል፤ ይኼ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዛሬ ጊዜ ገጽ ታሽጎ ነው የሚሄደው። በረኛው እሽጉን ፈትቶ እንዲያስቀምጥ ኮምፒዩተሩ የበረኛውን ሰርተፊኬት፣ ማለት የኮምፒዩተር ማኅተሙን፣ «አምኛለሁ» ብሎ መቀበል አለበት። አያንቱ ይኼን ጠንቅቃ ታውቃለች። ጠይቃለችም።

«ጋሽ ሶሬሳ፣ ይኼ እኮ የታሸገውንም ይፈታል።»

«ለማስቀመጥ ነዋ የሚፈታው! ሳይፈታ ምኑን ያስቀምጣል?»

መልሱ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው የጎዳት። ፍላሹ ውስጥ ያለውን የማዘዣ ፋይል ከፈተች። አናቱ ላይ የማኅበሩ ስም በአማርኛ ተጽፏል። ሰርተፊኬቱንም የሰጠው ማን ነው ብላ ብትጫን የመጣው ያው የማኅበሩ ስም ነው። ከስሙ በታች መቶ አርባ መስመር ነበር። ዘጋችው።

ከዚያ መጫን ጀመረች። ዊንዶውሱ ላይ ስታስነሳው ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ ኮምፒዩተሩ «ልፍቀድለት?» አለ፣ ፈቀደች። የኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ የራሱን የማሽኑን አድራሻና የበሩን ቁጥር ጻፈች፤ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይም «ጥቁሩን መስኮት እንዳትዘጉ፤ ከተዘጋ መልሳችሁ አስነሱት» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ማኩ አሻፈረኝ አለ፤ ከማን እንደመጣ የማላውቀውን አላስነሳም ብሎ ድርቅ አለ። የደኅንነት ገጹ ድረስ ሄዳ አስገደደችው፤ ሰርተፊኬቱንም በይለፍ ቃሏ «ሁልጊዜ እመነው» አለችው። ሊኑክሱ ላይ ትእዛዙን በእጇ ጻፈች፤ ነገር ግን አድራሻውን ያስገባችው ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ በሚቆይ ትእዛዝ ነበር። ነገ ቋሚ አደርገዋለሁ ብላ ረሳችው። ይቺን ስንፍና አስታውሱልኝ።

አባላቱ ከኋላዋ ቆመው ነበር። ሙሐመድዘይን የተባለው፣ ኦዊኖ ገበያ ውስጥ ቦርሳ የሚሸጠው የጅማ ሰው፣ የማኅበሩን ስም ስክሪኑ ላይ ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

«ማኅበራችን ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ በሉኛ! የቀረን ባንዲራ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። አያንቱም ሳቀች።

በወሩ ራሂማ መጣች። ራሂማ የወሎ ልጅ ናት፣ ኦዊኖ ውስጥ ሸሚዝ ትሸጣለች። ወንድሟ ሉቅማን ተደብቋል፤ ፎቶውን የያዙ ሁለት ሰዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ሲጠይቁ ከርመዋል። የት እንዳለ ራሂማ ለአንድም ሰው አልተነፈሰችም። ለጠበቃዋ ብቻ፣ በማኅበሩ ዴስክቶፕ፣ አሩዋ ከተማ ነው ብላ ጽፋለች። የዚያን ቀን ጠዋት ከቦዳው ሞተር ሳይክል ሳትወርድ ነበር የምትጮኸው።

«አንቺ ነሽ! ያንን ማሽን የነካካሽው አንቺ ነሽ!»

«ራሂማ፣ ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! ሶሬሳ ሱቄ መጥቶ ሸሚዝ እያገላበጠ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አሩዋ ሙቀት ነው አሉ፣ ለሉቅማን ስስ ሸሚዝ ላኪለት።› ከየት ሰማ? ወይ ጠበቃዬ ነው ወይ አንቺ ነሽ። ጠበቃዬ ደግሞ አማርኛ አይችልም፤ የሶሬሳን እንግሊዝኛ ታውቂዋለሽ፣ ሻይ እንኳ በምልክት ነው የሚያዘው።»

አያንቱ አልሳቀችም።

«ሉቅማንስ?»

«ትናንትና ከዚያ አስወጥቼዋለሁ። የት እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያንቱ ሰው ማመን አቃታት። ሙሐመድዘይን ለምን ሁልጊዜ ከዴስክቶፑ ጀርባ ይቀመጣል? ያንን ፎቶስ ለማን ላከው? ታች ያለው ጎማ ሠሪ ለምን ሰላምታ አበዛ? ራሂማ ራሷ ለደንበኛ አውርታ ረስታው ቢሆንስ? ሁሉንም አንድ በአንድ ጠረጠረች፤ እጇን ግን መጨረሻ ላይ አስቀመጠችው። ማን ነው ከራሱ እጅ የሚጀምር?

ከዚያ ራሂማን ሦስት ውሸት አስጻፈቻት። በዊንዶውሱ ላይ፣ ሉቅማን ጂንጃ ዓሣ ነጋዴ ዘንድ ነው። በማኩ ላይ፣ ምባራራ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። በሊኑክሱ ላይ፣ ጉሉ መስጊድ አጠገብ ተከራይቷል። ሦስቱም የተላኩት አያንቱ ራሷ ወደከፈተችውና ሌላ ሰው ወደማያውቀው አድራሻ ነው። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን ዘግተው የትኛው ውሸት ተመልሶ እንደሚመጣ ጠበቁ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሶሬሳ ራሂማን ደረጃው ላይ አገኟት። የጤንነቷን፣ የሥራዋን፣ የልጆቿን ጠየቁና «ጂንጃስ ተስማማው?» አሏት።

በማግስቱ ራሂማ የማታውቀው ቁጥር ደወለ። ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። «እኅቴ፣ ምባራራ ያለው የሲሚንቶ ሱቅ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ስልኩን ዘግታ አያንቱ ዘንድ መጣች።

ጉሉን ያነሳ ሰው አልነበረም። አንድ ሳምንት ጠበቁ፣ ማንም የለም። ናካዋ ውስጥ በዚያ ወር መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል፤ ሊኑክሱ ጠፍቶ ሲነሳ ያ ጊዜያዊ ትእዛዝ አብሮ ጠፍቷል። በረኛ አልነበረበትም። ስለዚህ ሐሜት አይደለም፣ ጠበቃው አይደለም፣ ሙሐመድዘይንም አይደለም። የተሰማው በበረኛው በኩል ያለፈው ብቻ ነው፤ በረኛውን ያቆመችው ደግሞ እሷ ናት።

ያን ጊዜ ነው ፋይሉን ከስሙ በታች ያነበበችው። መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ የተፈታው ጽሑፍ ሁሉ ተገልብጦ በየቀኑ ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ እንዲሄድ ታዟል። አድራሻው ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የማኅበሩ አይደለም።

እሑድ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ለስብሰባው የተከራዩት አዳራሽ ሞልቷል። አቶ ሶሬሳ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የማኅበሩ ማኅተም የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን አለ። አያንቱ ተነሣች።

«በኮምፒዩተሮቹ ላይ የጽሑፋችሁን እሽግ የሚፈታ ነገር አለ። የጫንኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው የጫንኩት።»

አዳራሹ ታመሰ። አንዷ ሴትዮ «ልጄ ያለችበትንም ጽፌያለሁ እኮ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላው «አንቺን ብሎ ባለሙያ!» ሲል ተሰማ። አያንቱ አልተቀመጠችም፤ ሦስቱን ውሸቶች፣ የጂንጃን ጥያቄ፣ የምባራራን ስልክ፣ የጉሉን ዝምታ አንድ በአንድ ተናገረች።

አቶ ሶሬሳ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይኼ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ሰዉን አታስደንግጪ። በኋላ ቢሮ እንነጋገራለን።»

«ቢሮ አንነጋገርም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ያን ፍላሽ የሰጡኝ ሰዎች ጨዋ ሰዎች ናቸው! አገልግሎት ነው የሰጡን!»

ሙሐመድዘይን ከኋላ ብድግ አለ። «የትኞቹ ሰዎች ጋሼ?»

የአቶ ሶሬሳ እጅ ወደ ማኅተሙ ሣጥን ሄዶ ክዳኑ ላይ አረፈ። ራሂማ መሐረቧን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ታያቸዋለች፤ ወንድሟ በዚያች ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ነበር።

አያንቱ ያን ፋይል በወረቀት አትማው ነበር። ወደ ፊት ሄዳ ሣጥኑ አጠገብ ዘረጋችው፤ መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

«ጋሽ ሶሬሳ፣ እኔ ጥፋቴን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ቢሮ አይደለም፣ ነገ አይደለም፣ ለእኔ ብቻም አይደለም። ይነሡና እነዚህን ሰዎች ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ይመልሱ፦ ይኼ ቁጥር የማን ነው?»