ግራ ጉንጯ

«ይች የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ እማማ አባይነሽ።

ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ድንኳኑ አፍ አስጠጉት፤ ደግሞ ራቅ አደረጉት፤ በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ወለወሉና እንደገና አዩት። ለቅሶው ቀጥ አለ። ከመካነ ብርሃን እስከ ደባርቅ ሁለት ቀን በበቅሎ፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ልጃቸው በተቀበረች በአራተኛው ቀን የደረሱ እናት ናቸው። አስከሬኑን አላዩም፤ አፈሩንም አላለበሱም። «እንግዲያው ፊቷን አሳዩኝና ላልቅስባት» ብለው ነበር። አማቻቸው የሻውም ከፎቶ ቤቱ ግድግዳ ያለችውን አንዲት ፎቶ አውርዶ አመጣላቸው።

«እሷ ናት እማማ» አለ አጠገባቸው ተንበርክኮ። «ውቢት ናት። በተጋባን በሦስተኛው ወር እኔው ራሴ ያነሣኋት ነው።»

«ምነው ልጄ፣ አረጀሁ እንጂ አልታወርሁም። ጉንጯ የታለ?»

የሻው ፎቶውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ አልሰጡትም።

«ያን ጉንጭ እኮ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለሱም ለድንኳኑም የሚናገሩ አይመስሉም። «ዳዴ ትል ነበር። ውኃ ልቀዳ ወረድሁ። እሳቱን አዳፍኜ መውጣት ነበረብኝ፣ አላዳፈንሁትም። ገና ወንዙ ዳር ሳለሁ ጩኸቷን ሰማሁ። እስክትዳር ድረስ በየማለዳው ያን ጉንጭ ስስመው ኖርሁ። ልጄን የማውቃት በሱ ነው። ይችን የከተማ ሴት አላውቃትም፤ ላላወቅኋት ሰው ደግሞ እንባ አይወጣልኝም።»

ፎቶውን መልሰው ሰጡትና ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ስበው ተቀመጡ። እስከ ሰባተኛው ቀን እቆያለሁ ብለዋል። ከብቶቹን ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት፤ ጉልበታቸውም ሁለተኛ ይህን መንገድ የሚችል አይደለም። ሳያለቅሱ ሊመለሱ ነው እንግዲህ።

ከኋላ ሴቶቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ ማንሾካሾክ ያዙ።

«ሌላ ፎቶ የላትም?»

«የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና?»

«ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ እሱ ያላነሣው ሰው አለ? የገዛ ሚስቱን እንዴት…»

«ተይ፣ ይሰማሻል» አለች ጎረቤታቸው ሸዋረጋ።

ሰምቷል። እውነታቸውን ነው፣ ጉድ ነው። በየሻው ፎቶ ቤት ሙሽራው ተነሥቷል፣ ቄሱ ተነሥቷል፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚያወጣው ሁሉ ተነሥቷል። ውቢት ግን በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንዴ ብቻ ባሏ ፊት ተቀመጠች፤ ሁለተኛ አልተቀመጠችም። ለምን እንደሆነ ደግሞ እሱ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ገና ከአገሯ መምጣቷ ነበር። የሻው በፎቶ ሙያው የሚኮራ ሰው ነው፤ የሙያው ሰዎች ሁሉ ያከብሩታል፤ ማንንም ሰው የማሳመር እጅ አለው ይባልለት ነበር። አዲሷን ሙሽራ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አገጯን በጣቱ ወደ ቀኙ አዞረው። ትንሽ ጨመረ። ደግሞ ትንሽ። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲገባለት ደስ አለው።

«በቃ፣ እንዳትነቃነቂ» አላት።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ነጋቲቩ ላይ አቀርቅሮ ዋለ። በሹል እርሳስ ነጥብ በነጥብ እየሞላ ከጨለማው ያመለጠችውን የጠባሳ ጫፍ አጠፋት። ስጦታ መስሎት ነበር። ከልቡ ነው፣ እንዲያውም ከፍቅር ነው ያደረገው። አጥቦ፣ በመስተዋት አስገብቶ ሲሰጣት ውቢት ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው።

«ይች ማን ናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

«ሸጋ ናት» አለች። «እሷን ብታገባ ይሻልህ ነበር።»

እየሳቀች ነው ያለችው፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ፎቶውን ራሷ ወስዳ ግድግዳው ላይ ከደንበኞቹ መሃል ሰቀለችው። ቆይቶ፣ በሌላ ጊዜ ላንሣሽ ሲላት «አንተ የምታነሣት ሌላ ሴት ናት» እያለች ትሸሸው ጀመር። ለመታወቂያ እንኳ ያችኑ አሳንሶ እንዲያጥብላት አድርጋ ለጠፈች። የቀበሌው ጸሐፊ እሷንና ፎቶውን እያፈራረቀ አይቶ «እህትሽ ናት?» አላት። ይህን ለየሻው ስትነግረው ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። እሱ ግን ያን ቀን አልሳቀም። ያን ቀን ነው ምን እንዳደረገባት የገባው። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፉ አልታዘዝ አለው፤ ነገ እላታለሁ ሲል ሲል፣ በጥር መጀመሪያ ሳንባዋን አመማትና በሦስት ሳምንት ወሰዳት።

በአምስተኛው ቀን የለቅሶ ደራሹ ዓይነት ተለወጠ። ከከተማውም ከገጠሩም ሴቶች ለየብቻቸው ይመጡ ጀመር። የሆስፒታል ነርስ መጣች፤ ከእንፍራንዝ አንዲት ጠላ ሻጭ መጣች። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ የሻው ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ዓይነት ነገር ይሉታል።

«እኔን እሷ ናት ያነሣችኝ። ከመጋረጃው ኋላ።»

መጋረጃው የተሰቀለው ሚሊሺያው ወደ ሰሜን በዘመተ ጊዜ ነው። የዘማች ሚስቶች ለባሎቻቸው የሚልኩት ፎቶ ፈልገው ይመጣሉ፤ የሻው ፊት ሲቀመጡ ግን እንደ ችካል ይደርቃሉ። አንዷማ ፀጉሯን ፈትታ መነሣት ፈልጋ፣ ወንድ ፊት እንዴት ብላ፣ እወንበሩ ላይ እያለች አለቀሰች። ውቢት ይህን አይታ የጓዳውን በር በአቡጀዴ ጋረደችና ባሏን «አንተ ውጣ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን እሷ ታነሣለች፣ ፊልሙንም እሷው ታጥባለች። ከመጋረጃው ኋላ የተነሣ ፎቶ ነጋቲቩ ሳይቀር ለተነሣችው ሴት ይሰጣል እንጂ በቤቱ አያድርም፤ ፍተሻ በበዛበት ዘመን የሰው ገመና ማስቀመጥ አይሆንም ትል ነበር። የሻው ከነዚያ ፎቶዎች አንዱን እንኳ አላየም።

ድምጿን ግን ይሰማል። የደንበኛ መታወቂያ ፎቶ እየቆረጠ ጆሮው ከመጋረጃው ኋላ ነው።

«ወንበሩን ሙሉውን አትቀመጪበት፣ ከጫፉ ቁጭ በይ። እንዲያ። አሁን ወገብሽ መጣ። ትከሻሽን ጣይው፣ ማንም አልተቆጣሽም። የአንገትሽን ንቅሳት ምነው ትሸፍኝዋለሽ? ለሱ ብለሽ አይደል የተነቀስሽው። እጅሽ ሻክሯል? ይሻክር፤ የሠራ እጅ ነው፤ እጉልበትሽ ላይ እንደ እንግዳ አታስቀምጪው እንጂ፣ ፀጉርሽ ውስጥ አስገቢው።» ከዚያ ሳቅ። ከሳቁ በኋላ ጸጥታ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ቃል ትላለች፦ «ነይ።»

«ለምንድን ነው ነይ የምትያቸው?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል።

«አንተ እንዳትነቃነቂ ስትላት ትሞታለች። እኔ ነይ ስላት ትመጣለች። ባሏ የሚፈልገው የመጣችለትን ነው።»

አሁን እነዚያ ሴቶች ሁሉ እዚህ ናቸው። ያች ያሳመረቻቸው የለችም፤ መልኳም የለም። የሻው ለቅሶ ደራሹን ትቶ ፎቶ ቤቱን ገለበጠው። መሳቢያውን ሁሉ አወጣ፣ የድሮ ነጋቲቮችን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሣ አየ። ከተማው በሙሉ በእጁ አለፈ። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ጣት አገኘ፤ የሙሽራ ቬሎ የምታስተካክል፣ ከጫፍ የገባች የውቢት ጣት። ያችን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለእናት የሚሰጥ ግን ጣት አይደለም።

ድንኳኑ ውስጥ እማማ አባይነሽ እንደተቀመጡ ናቸው። እህል አልቀምስ ብለዋል። «አልቅሱ እንጂ እማማ፣ ይቀልልዎታል» ብትላቸው ሸዋረጋ፣ «በምን ላልቅስ?» አሏት።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች የገጠር ሴት መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አልገባችም። በር ላይ ቆማ የሻውን አስጠራችው።

«አያ የሻው፣ እታገኘሁ እባላለሁ፤ ከኮሶዬ ነኝ። እናቷ የመጡበት አውቶቡስ እኛ ዘንድ ቆሞ ነበር፤ ልጄ ውቢት እያሉ ሲጣሩ ሰማሁ። የፎቶዋ ውቢት ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እሷው ናት አሉኝ።»

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ግቢ፣ አረፍ በይ።»

«ቆይ፣ የያዝሁት ነገር አለ» አለችና ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችው። ፈንጣጣ ክፉኛ የበላው ፊት ነው። የሻው ሳያስበው ዐይኑን ሰበረ፤ ሰብሮም አፈረ። «ባሌ አስማረ ሲዘምት ፎቶሽን ላኪልኝ ብሎ አጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ይኸው የምታየው ነኝ። ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ ፊቴን ሸፍኜ አንሺኝ አልኋት። እሷ ግን ሻሿን ፈታች፣ ፀጉሯን በተነችው፣ ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገችና እወንበሩ ላይ እሷው ቁጭ አለች። ‘ነይ አንሺኝ፣ ይችን ብቻ ተጫኛት’ አለችኝ። እኔ እንኳን ካሜራ ጠመንጃም ነክቼ አላውቅ፤ እንዳለችኝ ተጫንሁ። ያን ጉንጯን ለመብራቱ ሰጥታ፣ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር። ‘በይ ተራሽ ነው’ አለች። እንግዲህ እሷ ካላፈረች እኔ በምን ላፍር?»

«ፎቶው… ፎቶው የታለ?»

«የራሷን አላጠበችውም። ነጋቲቩ ነው ያለው። ከኔው ነጋቲቭ የሷን ልቁረጠው ስትል ተይው፣ አብረን እንሁን አልኋት፤ ሳቀች።» ከመቀነቷ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ፈታች። «አስማረ ‘አንቺን ራስሽን አየሁሽ’ ብሎ አጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም። እንግዲህ አንተም አትቁረጠን፤ ሥራህን ስትጨርስ መልስልኝ።»

የሻው በሁለት እጁ ተቀበላት። አመሰግናለሁ ማለቱን እንኳ አያስታውስም።

ማጠቢያ ክፍሉ ገብቶ መስኮቱን ጋረደ። ነጋቲቩን ወደ ቀዩ አምፖል ሲያነሣው ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን አሉ። ቀኝ እጁ፣ የአሥራ ምናምን ዓመት አመሉ ነውና፣ ሳያዘው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ያን ሹል እርሳስ አነሣ። ጫፉ ነጋቲቩ ላይ ሊያርፍ ሲል ‘ይች ማን ናት?’ የሚለው ድምጿ መጣበት። እርሳሱን ለሁለት ሰብሮ ጣለው።

የነጋቲቩን ምስል በብርሃን ወረቀት ላይ አሳረፈ፤ ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነከረና ጠበቀ። መጀመሪያ ፀጉሯ መጣ። ቀጥሎ ጠባሳው መጣ፤ ከዐይኗ ሥር እስከ አገጯ፣ እንደተጨማደደ። ከዚያ ዐይኖቿ። የማያፍሩ፣ ሊስቁ ትንሽ የቀራቸው ዐይኖች። ባሏ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር በዚህ ዐይን አይታው አታውቅም፤ እሱ ነዋ ያሳፈራት። «ይቅር በይኝ» አለ ለወረቀቱ። ነገ እያለ ያቆየው ቃል ይኸው ነበር፤ የምትሰማው ግን የለችም። ለእናቷ የሚሰጠውን ትልቁን ፎቶ ሲያጥብ ከአንገቷ በታች ያለውን አስቀረው። የመጋረጃው ኋላ ነገር እንደ ደንቧ ከመጋረጃው ኋላ ይቅር ብሎ ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት እማማ አባይነሽ ስልቻቸውን አሥረው ጨርሰው ነበር። የሻው ፎቶውን ይዞ ከፊታቸው ተንበረከከ። አሮጊቷ ተቀበሉት። ብዙ አላዩትም። ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አሳርፈው ከዐይኗ ሥር እስከ አገጯ ወረዱበት።

«መጣሽ?» አሉ። «መጣሽልኝ ወይ የኔ ልጅ?»

ከዚያ ግራ ጉንጯን ሳሙትና ጮኹ። ሦስት ቀን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ጩኸት ነው፤ ድንኳኑ አብሮ ጮኸ። ሸዋረጋ ደረቷን መታች፤ እታገኘሁ ነጠላዋን ከፊቷ ጥላ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል፣ ከሴቶቹ መሃል ገብታ አለቀሰች።

እናት ሲደክማቸው ሴቶቹ ፎቶውን ተቀብለው ጥቁር ጨርቅ በለበሰው ወንበር ላይ አቆሙት። የሻው ከወንዶቹ በኩል ሆኖ አየው። የድንኳኑ ምሰሶ ጥላ እግራ ጉንጯ ላይ ወድቋል። ተነሣ፤ ለቅሶውን አቋርጦ ሄደና ክፈፉን በሁለት እጁ ይዞ ብርሃኑ ወደሚገባበት ወደ ድንኳኑ አፍ አዞረው። ትንሽ ጨመረ። ደግሞ ትንሽ። ጥላው ከጉንጯ ላይ ሲወርድ ጎንበስ አለና፣ እሱና እሷ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣

«ነይ» አላት።