በወይዘሮ አስካለማርያም ብብት የበራው ብርሃን

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ፍቅሩ በበዛ መጠን ምላሱ እንደሚከብድ፥ ለባዕድ በአደባባይ የሚናገረውን እውነት ለገዛ ሥጋው ሲሆን በጉሮሮው ቀብሮ እንደሚያስቀር፥ ይህንንም ፍርሃቱን ርኅራኄ የሚል የተዋበ ስም ሰጥቶት እንደሚኖር፥ ልብ ብሎ ላስተዋለ ሁሉ ግልጽና የታወቀ ነው። በአገራችንማ ሥርዓቱ የጸና ነው፤ ሞት እንኳ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተጠራርቶ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ፥ ሽማግሌ ቀድሞ መርዶው በወጉ ይነገራል እንጂ። ደግነቱ የሞተው ሰው ለዚህ ሥርዓት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያልሞተው ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ ቅቤ እየነገደች የምትኖር፥ ሳቋ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያናጋ፥ ገጸ ብሩህና ልበ ሰፊ የሆነች ወይዘሮ አስካለማርያም የምትባል ሴት ነበረች፤ በግራ ጡቷም ሽምብራ የምታህል እብጠት በወጣችባት ጊዜ፥ ተመርምራ ውጤቱን ይቀበልላት ዘንድ ታላቅ ወንድሟን ላከችው። እርሱም የደብሩ ቀኝ ጌታ የሆነው፥ በዜማው የተመሰገነና በምክሩ የተከበረ ይትባረክ ነው። ሐኪሞቹ ነቀርሳ መሆኑን ሲነግሩት ቀኝ ጌታ አላለቀሰም፤ እጅና እግሩ የሌላ ሰው እስኪመስሉት ድረስ ደነዘዘ እንጂ። ቤት ሲደርስ፥ «ምን አሉህ ጋሼ?» ብትለው፥ «ደምሽ ደከም ብሏል፤ አዲስ አበባ ሄዳ ትታይ አሉ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ዘመዱ ሁሉ በጓዳ የሚያለቅስ፥ በሳሎን የሚሥቅ ሆነ።

በመናገሻይቱም ከተማ ዶክተር ሰብለወንጌል የምትባል ወጣት ሐኪም፥ ገና በሙከራ ላይ ያለ አንድ ዕፁብ ጥበብ ይዛ ጠበቀቻቸው፤ ጠበብቱ ኳንተም ዶት ይሉታል። ከጸጉር ውፍረት እጅግ የሚያንስ፥ በመጠኑ ልክ ቀለሙን የሚለዋውጥ፥ ሲያንስ ሰማያዊ ሲተልቅ ቀይ የሚሆን ረቂቅ ቅንጣት ነው፤ ነቀርሳውን ለይቶ እንዲጣበቅበት ተደርጎ በደም ሥር ይሰደዳል፤ ከሥጋ ውስጥ የሚሰጠውን ለዓይን ስውር የሆነ ብርሃንም ካሜራ ተቀብሎ በስክሪን ያወጣዋል፤ ሐኪሙም ደዌው ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ እያየ ይቆርጣል። ዶክተሯ ታማሚዋ ሁሉን ሳታውቅ ይህ እንደማይደረግ በጥብቅ ብታሳስብ፥ ቀኝ ጌታ «እኔው በሚገባት አኳኋን እነግራታለሁ» ሲል ቃል ገባ። ለእኅቱ የነገራት ግን፥ «ጤና ያለበትን ቦታ እየፈለገ የሚያበራ መድኃኒት ነው፤ ሲበራ ካየሽ ደስ ይበልሽ» ብሎ ነው። ዶክተሯ ደግማ ስትጠይቃትም፥ «ወንድሜ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል ልጄ፤ እሱ የወደደውን ወድጃለሁ» አለች።

ነቀርሳው ከጡቷ ተሻግሮ የደረሰባቸው የብብቷ ዕጢዎች በሚወጡበት ቀን፥ ወንድሜ ካልገባ አልገባም በማለቷ ቀኝ ጌታም አረንጓዴ ጋዋን ለብሶ ከራስጌዋ ቆመ። ብብቷ በማደንዘዣ ደነዘዘ፤ መብራቱ ደበዘዘ፤ በስክሪኑም ላይ ሦስት ቀያይ ብርሃናት ቦግ አሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለማርያም በተኛችበት አልጋ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው።

«እልልልል! ጋሼ፥ እየው እየው! ኧረ ብብቴ ውስጥ ደመራ ለኩሰውልኛል! ይሄን ሁሉ ጤና ይዤ ነው ደምሽ ደክሟል እያሉ የሚያንከራትቱኝ?»

ዶክተር ሰብለወንጌል ቢላዋን እንደያዘች ቀረች። «ወይዘሮ አስካለማርያም፥ እባክዎ አይንቀሳቀሱ። አሁን የበሩትን እናወጣቸዋለን» አለች።

«ምኑን ነው የምታወጪው?»

«የሚያበሩትን።»

«በስመ አብ! ጤናዬን? ለማን ልትሰጪው ነው ልጄ? ለራስሽ ነው እንዴ? እርግጥ ከስተሻል!»

ሥቃም አላበቃች፤ በደህና እጇ ጨርቁን ሰብስባ፥ አገሬ እገባለሁ ብላ ልትነሣ ቃጣች። ተነሥታ ብትሄድ ደዌው አብሯት እንደሚሄድ፥ ዓመትም ሳይሞላ እንደሚቀብራት ከእርሷ በቀር በክፍሉ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዶክተሯ ወደ ቀኝ ጌታ ዞረች።

«አባቴ፥ ወይ እርስዎ ይንገሯቸው፥ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሳያውቁ ግን ቢላዬ አይነካቸውም።»

ቅኔ ማኅሌቱን የሚሞላው ያ ግሩም ድምፅ ወዴት እንደ ገባ አይታወቅም፤ የወጣው እንደ ሹክሹክታ ያለ ነበር። «አስካል... ጤና አይደለም። ነቀርሳ ነው። የበራው ሁሉ እሱ ነው።»

ሽማግሌ አልተጠራም፤ ጎረቤት አልተሰበሰበም፤ መርዶው እንዲሁ ባዶውን ተነገረ። ወይዘሮ አስካለማርያም ዓይኗን ከስክሪኑ ወደ ወንድሟ መለሰች።

«እና ጓዳ እየገባችሁ የምታለቅሱት ለዚህ ነው?» አለች።

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ ሰው ሞቶ የደበቃችሁኝ መስሎኝ! እስቴ ላሉት አክስታችን ደወልኩ፤ በሕይወት አሉ። ለአጎታችን ልጅ ለጋሻው ደወልኩ፤ 'ከእንቅልፌ ለምን ትቀሰቅሺኛለሽ' ብሎ ጮኸብኝ። ዘመዱን አንድ ባንድ ደውዬ ጨረስኩ፥ ሁሉም አለ። ለካስ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ራሴን መጠየቅ አልመጣልኝም።»

መርዶ እንደ ሰማ ሰው ደረቷን ልትደቃ አሰበች፤ እጇ አልታዘዘም። ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋ አልወረደም። ማደንዘዣው ብብቷን አልፎ ልቧን የጨበጠው ያህል፥ ሐዘኑ ቆሞ እያየችው ወደ እርሷ አልደርስ አለ። እንዲሁ በደነዘዘ ቃል፥ «ቁጭ በል ጋሼ፥ ትወድቃለህ» አለችው፤ ወደ ዶክተሯም ዘወር ብላ፥ «ስክሪኑን ደህና አድርገሽ ወደ እኔ አዙሪልኝና ቀጥይ» አለች።

ሦስቱም ብርሃናት በየተራ ከስክሪኑ ጠፉ፤ እርሷም ያለ ፍርሃትና ያለ ደስታ፥ የሰው ቤት መብራት ሲጠፋ እንደምታይ መንገደኛ ተመለከተቻቸው።

«ሌላ አለ?»

«የጡትዎ ቀርቷል። እርሱም ይወጣል። ሌላም ቦታ ደርሶ እንደሆነ ግን ዛሬ እንዲህ ነው ልልዎት አልችልም።»

«ስታውቂው መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ» አለችና ዓይኗን ከደነች።

ሐዘኑን ከባለቤቱ ሰውሮ የሚያለቅስ ዘመድ፥ ወዳጁን በአልቃሾቹ መካከል በሕይወት ሳለ ብቻውን ያስቀምጠዋልና፤ እውነት ምንም ያህል የመረረች ብትሆን፥ ከሁሉ አስቀድማ መድረስ የሚገባት ለተሸከማት ሥጋ ነው።