ደረቁ ኬክ

ምድጃ የገባ ሩም፣ ከምድጃ ከወጣ በኋላም ሩም ነው ወይስ አይደለም?

እማማ ኡርሱላ ይህን የአረቄ ጥያቄ ይዘው ሦስት ሳምንት ዞሩ፤ የሚመልስላቸው ግን አጡ። የመድኃኒት ቤቱን ልጅ «አንዲት የማውቃት ሴት ጠይቂልኝ ብላኝ ነው» ብለው ቢጠይቁት፣ «የተወሰነው ይተናል፣ የተወሰነው ይቀራል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። የሚቀረው ምን ያህል ነው? ሰው የሚጥል ነው? ማንንም ሰው ሳይሆን ኬስተንን የሚጥል ነው?

ኬስተን የልጅ ልጃቸው ነው። እናቱ በስድስት ዓመቱ ስትሞትበት አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቶታል፤ የመብራት ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ ይጠግናል። መጠጥ ካቆመ ዘጠኝ ወሩ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱን ያሳለፈው ኮረብታው ላይ፣ ጠጪዎች በሚታከሙበት ቤት ውስጥ ነው። ከሐኪሞቹና ከአለቃው በቀር ይህን የሚያውቁ እሱና እሳቸው ብቻ ናቸው። ለቀረው የአሪማ ከተማ ሰው፣ ለገዛ ታናሽ እህታቸው ለቬርሊን ሳይቀር፣ «ባሕር ማዶ፣ ቶቤጎ ለሥራ ልከውት ነው» ብለው ነበር። ገመና ነው፤ ሆድ ይፍጀው። ቬርሊን ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ግን ጠዋት የነገሯት ነገር ከቁርስ በፊት ቤተ ክርስቲያን፣ ከምሳ በፊት ገበያ ይደርሳል። ስለ ልጁ ደግሞ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

እንግዲህ ገና መጣ። ገና ያለ ጥቁር ኬክ፣ ጥቁር ኬክም ያለ ሩም የት ታይቶ ያውቃል? ዘቢቡና የደረቀው ፕለም ተፈጭቶ በሩም ተዘፍዝፎ ዓመት ይከርማል። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ በሹካ ይበሳሳና በትኩሱ ሌላ ሩም ይፈስበታል፤ እስኪጠግብ ድረስ። ለእንግዳ ደረቅ ኬክ ያቀረበች ሴት እስከ ፋሲካ መነጋገሪያ ናት። የእማማ ኡርሱላም ማሰሮ ባለፈው ጥር፣ ኬስተን ሳይታከም በፊት የተዘፈዘፈ ነበር። አሁን ከእቃ ማጠቢያው ሥር ከባልዲዎቹ ኋላ ተደብቋል። ሊደፉት አልጨከኑም፤ ሊጠቀሙበትም ፈሩ።

ኬስተን የዓመት ፈቃዱን ለገና አውጥቶታል፤ ሁለት ሳምንት። ድሮ ቢሆን ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ዳር ቤት ይከራይና፣ ሰክሮ ተሸክመው ያመጡት ነበር። ዘንድሮ ግን ፈቃዱ በጀመረበት ጠዋት ሻንጣውን ከመኝታ ቤቱ አወጣ፤ በጓሮ በኩል ቤቱን ዞረና የፊቱን በር አንኳኳ።

«ክፍሌ ተዘጋጅቷል?» አለ በሩን ሲከፍቱለት።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

«ኡርሱላ ሆቴል አይደለም እንዴ ይሄ? ሁለት ሳምንት ይዣለሁ። ባሕር የሚያሳይ ክፍል ይሁንልኝ።»

«ከአሪማ ባሕር የሚታየው ላንተ ብቻ ነው። ጫማህን ጥረግና ግባ።»

እውነትም እንደ ሆቴል እንግዳ ኖረበት። በረንዳው ላይ የመረብ አልጋ አሰረና ጠዋት ጠዋት እዚያ ተጋድሞ ጋዜጣ ያነባል። ቁርሱን በወረቀት ጽፎ በኩሽና መስኮት ያቀብላል፤ «አንድ የተጠበሰ ዳቦ፣ አንድ ጨዋማ ዓሣ፣ አስተናጋጇ አትቆጣ» እያለ። ከሰዓት በኋላ ወንዝ ወርዶ ይዋኛል፤ ተመልሶ ይተኛል። ሲሰለቸው የበሮቹን ቀለም ያድሳል። እማማ ኡርሱላ በፊቱ ይስቃሉ፤ ዞር ሲል ደግሞ ይጨነቃሉ። ሥራ የፈታ ሰው ያስባል፤ ያሰበ ሰው ይጠማዋል። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ መንገዱ በመጠጥ ቤቱ በር ስለሆነ፣ ድስት ጥደው ውኃው ሳይፈላ እንዲመለስ ይጠብቁታል። አንድ ቀን ውኃው ፈልቶ ግማሹ ሄደ። ሲመጣ ጠጋ ብለው ኮሌታውን የሚያስተካክሉ መሰሉ።

«አሸተትሽኝ እኮ፣ እማዬ።»

«ማን? እኔ? ኮሌታህ ተጣሞ ነው።»

«ካናቴራ ኮሌታ የለውም።» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ይልቅ ንገሪኝ፣ ይሄ የቶቤጎ ነገር እስከ መቼ ነው? ትናንት አክስቴ ቬርሊን የቶቤጎ ዓሣ እንዴት ነው ብትለኝ ምን ልበላት?»

«ጥሩ ነው በላት።»

«እማዬ!»

«ገናው ይለፍ። እንግዳው ይግባና ይውጣ። ከዚያ እንነግራታለን።»

እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መረብ አልጋው ሄደ።

በዚያው ቀን እማማ ኡርሱላ ቆረጡ። የማይታወቅ ነገር ውስጥ ልጅ አይከተትም። አዲስ ዘቢብና ፕለም ገዙ፤ በወይን ጭማቂ ቀቅለው ፈጩት። በተቃጠለ ስኳር ካጠቆሩት በዓይን ማን ይለየዋል? ጣዕሙን የጠየቀ ካለ፣ «ዘንድሮ እጄ ቀለለ» ይባላል። የእጅ መቅለል ከስም መጥፋት ይሻላል።

በዋዜማው ቤቱ ተገለባብጦ ዋለ። አዲሱ የወለል ላስቲክ ተነጠፈ፤ ወንበሮቹ ተወለወሉ፤ የአሳማው ጭን ከነቅርንፉዱ ምድጃ ገባ፤ ከርከዴው ተጠልሎ በየጠርሙሱ ተሞላ። የበሮቹ ቀለም ገና ስላልደረቀ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። ኬኩ ጠዋት ተጋግሮ ወጥቶ ነበር። እማማ ኡርሱላ የአርባ ዓመት ልማድ ሆኖባቸው በሹካ በሳሱት፤ ከበሳሱት በኋላ የወይን ጭማቂ ሊያጠጡት አሰቡ። ያን ጊዜ ኬስተን ከመሰላል ላይ ተጣራ።

«እማዬ፣ መጋረጃው! ቀለበቶቹን አቀብይኝ!»

መጋረጃ የሚሰቀለው በዋዜማው ነው፤ ከዚያ በፊት ከሰቀሉት ገናን መቅደም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ጎረቤት ባዶ መስኮት ያያል። ስለዚህ ኬኩን ትተው ሮጡ። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ቀስ! ትወድቃለህ!» እያሉ ቆሙ። በየቀኑ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው መሆኑን ረስተውት ነው።

ቬርሊን በጓሮ በር የገባችው ያኔ ነው። ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ።

«እትዬ! እዚህ ቤት ሰው የለም? የእኔ ቤት መጋረጃ ከተሰቀለ ሁለት ሰዓት ሆነው! አንተ ልጅ፣ ቶቤጎ ሄደህ አመልህ አማረ እኮ። መሰላል ላይ! በገና ዋዜማ! አምና ይሄን ጊዜ የት ነበርክ?»

ኬስተን ወደ ታች አያቱን አያቸው። የያዙት ቀለበት ከእጃቸው አምልጦ በአዲሱ ላስቲክ ላይ ተንከባለለ።

«ኩሽና ግቢና ፓስቴሉን ጠቅልይልኝ፣ እህቴ» አሉ ቶሎ ብለው። «ሊጡም ሥጋውም ደርሷል፤ የሙዝ ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

ቬርሊን ገባች። ከኩሽና ወሬዋ፣ ከወሬዋ መካከል ዘፈኗ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጸጥ አለች። እማማ ኡርሱላ መጋረጃው አልቆላቸው ሲገቡ፣ ፓስቴሎቹ ተደርድረዋል፤ ኬኩም በወረቀት ተጠቅልሎ ቆርቆሮው ውስጥ ገብቶ ተከድኗል።

«እሱንም ጨረስኩልሽ» አለች ቬርሊን። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። «አንቺ አሁን አረፍ በይ። ብዙ ነገር አለብሽ።»

እንዲህ ለስለስ ብላ ማየት ብርቅ ነው። እማማ ኡርሱላ በዓሉ ነው አሉ በሆዳቸው። የወይን ጭማቂውም ይቅር፤ ደረቅ ከሆነ ይበልጥ ደግ።

በገና ዕለት ከቅዳሴ ሲመለሱ እንግዶቹ አልዘገዩም። አጥር የሚጋሯቸው አቶ ራምዴዎ ከባለቤታቸው ከሳቪትሪ ጋር መጡ፤ እሷ የጣፋጭ ሳህን፣ እሳቸው የሩም ጠርሙስ ይዘዋል። እማማ ኡርሱላ ጠርሙሱን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ወስደው የልብስ ማጠቢያው በርሜል ውስጥ አስቀመጡት።

«ኡርሱላ፣ ያቺ ጠርሙስ የት ገባች?» አሉ አቶ ራምዴዎ ትንሽ ቆይተው።

«እየቀዘቀዘች ነው።»

«ሩም ይቀዘቅዛል እንዴ?»

«በዚህ ቤት ይቀዘቅዛል» አለ ኬስተን። ከርከዴ ቀዳላቸው፤ ለራሱም ቀዳ።

ተበላ። ፓስቴሉ ተመሰገነ፤ የአሳማው ጭን አጥንቱ ቀረ። ቬርሊን ስለ ቄሱ ስብከት፣ ስለ ሰው ባርኔጣ፣ የመጋረጃ ቀለም መምረጥ ስለማታውቅ ጎረቤቷ አወራች። እማማ ኡርሱላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። አለፈ ማለት ነው፤ ይኸው ልጁ ይስቃል።

ከዚያ ኬስተን ቆርቆሮውን አምጥቶ ኬኩን ቆረሰ። ለሁሉም አደለ። የራሱን ቁራሽ ሙሉውን አፉ ውስጥ ጨመረው፤ አያቱ በምን እንደሠሩት ነግረውታልና አልተጠራጠረም።

አንድ ጊዜ አኘከና ቆመ።

ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደ። የቧንቧው ውኃ ሲፈስ ተሰማ፤ ረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እማማ ኡርሱላ ሳህናቸውን አንሥተው አሸተቱ። የቀለሙ ሽታ ለቆ ነበር፤ የቀረው የሩም ሽታ ነው።

ኬስተን አፉን በፎጣ እያበሰ ተመለሰ።

«እማዬ፣ ይሄ ኬክ ረጥቧል።»

«እንዴታ!» አለች ቬርሊን። «ዕድሜ ለእኔ በሉ። ትናንት ስገባ ተበሳስቶ፣ ተረስቶ፣ ደርቆ ተቀምጧል። እኅቴ አረጀች አልኩ። ምን አሳፍራታለሁ፣ ብነግራት ታዝናለች ብዬ፣ ለቤቴ ገዝቼ ከያዝኳት የሩም ጠርሙስ ግማሿን አጠጣሁትና ጠቀለልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ! ቁጠሩልኝ፤ አንድ ሙሉ ቀን ምሥጢር ጠበቅኩ!»

ሳቪትሪ ሳቀች። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«ምነው?» አለች ቬርሊን የሁሉንም ፊት በተራ እያየች። «ይሄ ልጅ ሩም የጠላው ከመቼ ወዲህ ነው? ቶቤጎ ላይ አመነኮሱት?»

«ጨጓራው ነው» አሉ እማማ ኡርሱላ። «ሐኪሙ ለጨጓራው...»

«እማዬ፣ ተይ።» ኬስተን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አክስቴ፣ እኔ ቶቤጎ አልነበርኩም። ኮረብታው ላይ ነበርኩ፤ የጠጪዎቹ ቤት። ዘጠኝ ወር ሆነኝ፣ አልጠጣም። አሁንም አልዋጥኩትም። ተፍቼዋለሁ።»

አቶ ራምዴዎ የከርከዴ ብርጭቆአቸውን አንሥተው አዩትና፣ «እሰይ የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «አጎቴ ያን ቤት ቢያገኝ ኖሮ ዛሬም ነበር።»

ቬርሊን ግን ኬስተንን አልነበረም የምታየው።

«ሻማ አበራሁ» አለች ለእህቷ። «በየእሁዱ። ባሕሩን በሰላም ይሻገር ብዬ። የጉዋቫ ማርማላታ ሠርቼ ሰጠሁሽ፤ ለቶቤጎ ብለሽ ወሰድሽ።»

«ደርሶኛል፣ አክስቴ» አለ ኬስተን። «እዚያ ሆኜ በላሁት። ክፍል ውስጥ አምስት ነበርን፤ ሁሉም በልተዋል።»

«ለእሱ ብዬ ነው፣ ቬርሊን» አሉ እማማ ኡርሱላ። «የልጁን ስም ሰው በክፉ እንዳያነሳው ብዬ። አንቺ እኮ... ታውቂዋለሽ... አፍሽ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርሱት አልቻሉም። ቢጨርሱትም ባይጨርሱትም ገብቷታል። ኬስተንን በክርስትናው ቀን ታቅፋ የቆመችው ቬርሊን ናት። እናቱ በተቀበረች ዕለትም ሌሊቱን በእሷ ጭን ላይ ነው የተኛው። እማማ ኡርሱላ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ግን አንድም ቀን አላሰቡትም ነበር።

ቬርሊን አፏን ከፈተች። ሁሉም ጠበቁ። መልሳ ዘጋችው።

ተነሣች። ባርኔጣዋን ከመስቀያው አውርዳ አደረገች፤ ቦርሳዋን አነሣች። በኬስተን በኩል ስታልፍ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈችና አነሣችው። ከዚህ ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ግማሽ ሰዓት፣ አጥር ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆማ ነው የምትሰናበተው። አሁን በሩን ከፈተች፤ በረንዳውን አለፈች፤ የአጥሩን መቀርቀሪያ አንሥታ መንገዱን ያዘች።