ፊቱን ያዞረ ቀፎ

አናጢው አማቱን ሲያከብር ለከት የለውም ነበር። ሚስቱ ነርስ ናት፤ እናቷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ንብ ማርባት የጀመሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ደከም ሲል ባልና ሚስቱ «ከእኛ ጋር ይኑሩ» ብለው ቢለምኗቸው፣ «ንቦቼ የሚገቡበት ቤት ከሆነ እገባለሁ» ሲሉ ቁርጡን ተናገሩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ወንበርና አፋቸው በጨርቅ የተወተፈ ሁለት የሳጥን ቀፎዎች በጭነት መኪና አስጭነው ከተፍ አሉ።

ግቢው በስተግራ ቤቱ፣ በስተቀኝ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው የአናጢው መሥሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ሚስቱ ዱባና ቲማቲም የምታለማበት ጓሮ አለው። ባዶ ቦታ የተገኘው በመሥሪያውና በጓሮው መሃል ብቻ ነበር። አማቱ መንገዱ አድክሟቸው ጋደም ስላሉ ቀፎዎቹን ያስቀመጠው አናጢው ራሱ ነው። መግቢያቸውንም ወደ መሥሪያው አደረገው። እንግዳን ፊቱን አዙሮ ማስቀመጥ ነውር መስሎት ነው።

ጉዱን ያየው በማግስቱ ነው። የመላጊያ ማሽኑን ገና ከማስነሳቱ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ንቦቹም ተቆጡ። የመጀመሪያው ቀን ጆሮውን፣ ሁለተኛው ቀን አንገቱን ነደፉት። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ባለመድኃኒት ቤት ያዘዘውን ቁም ሳጥን ሊያይ መጣና «መሳቢያው ትንሽ ሰፋ ቢል» ብሎ ሳይጨርስ አንዷ አፍንጫው ላይ አረፈች። ሰውየው እግሬ አውጪኝ ብሎ በሩ ጋ ሲደርስ ነው ዘወር ያለው።

«ሲያልቅ ደውልልኝ!» ብሎ ጮኸ። «መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ!»

ምሳ ላይ አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሚስቱን አማከራት። «ወንድምሽ ሰፊ ግቢ አለው አይደል? ቀፎዎቹ እዚያ ቢሄዱስ?»

«ለእማዬ ንገራት።»

«እኔ? ምን ብዬ? ንቦችዎን ያስወጡልኝ ልበል?»

«ታዲያ እኔ ልበል? የተነደፍከው አንተ!» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ውኃ ጠጣች።

አናጢው ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። በማግስቱ ግን ግራ ዐይኑ አብጦ ተደፈነ። አማቱ በረንዳው ላይ ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ምንም አይደል እማማ፤ ጣውላ መትቶኝ ነው።»

አማቱ አገጩን ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን መለሱት። የተማሪ ውሸት ሲሰሙ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። «ጣውላው መርፌ አለው እንዴ?» አሉና ከሽፋሽፍቱ ሥር የቀረውን መንደፊያ በጥፍራቸው ጫር አድርገው አወጡለት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ…»

«ይሉኝታህን ለንቦቹ ብትነግራቸው አይገባቸውም።»

ከዚያ ወንበራቸውን አስወጥተው ከቀፎዎቹ ጎን ተቀመጡ። ግማሽ ቀን ሙሉ ንቦቹ የሚወጡበትንና የሚገቡበትን መንገድ ሲያዩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አናጢውን ጠርተው ሰጋቱራው ላይ በዱላ ጫፍ መስመር አሰመሩ።

«ይኸውልህ፣ የቆምከው በራቸው ላይ ነው። አንተስ ደጅህ ላይ ማሽን ሲያንጓጓ ቢውል ዝም ትላለህ?»

«አልልም።»

«ግን ከዚህ ቦታ አናርቃቸውም፤ መንገዱ ይጠፋቸዋል። እዚያው ፊታቸውን ወደ ጓሮው እናዞራለን። በእነሱና በአንተ መካከል ደግሞ ረጅም አጥር ታቆማለህ። ንብ ከፊቷ ረጅም ነገር ካገኘች ሽቅብ ትወጣለች፤ አንዴ ከወጣች ለአንተ ራስ ብላ አትወርድም።»

«ቁመቱ ስንት ይሁን?»

«እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ እስከምትደርስበት። ይህን ጥቁር ካፖርትም አውልቀው፤ ማር ሊዘርፍ የመጣ አውሬ ትመስላቸዋለህ።»

አናጢው ሥራ ሲሰጡት ፍርሃቱን ይረሳል። በሁለት ቀን ውስጥ ከትርፍራፊ ጣውላ አጥሩን ሠርቶ አቆመው። እጁን የሚታጠብበት ቧንቧ ጋ ንቦች ይሰበሰቡ ስለነበር፣ አማቱ ጠጠር በሞላበት ሰፊ ሳህን ውኃ ጨምረው ቲማቲሞቹ መሃል አኖሩላቸው። ጀምበር ስትጠልቅ እሳቸው በንብ ማጨሻ ጢስ እየነፉ፣ እሱ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ቀፎዎቹን ቀስ አድርገው አዞሩ።

ጠዋት ንቦቹ ወጥተው ጥቂት ግራ ተጋቡ። ዞር ዞር አሉ፣ አጥሩን ነኩት፣ ከዚያ እንደ ጢስ ሽቅብ ተነስተው ከጣሪያው በላይ ሄዱ። አናጢው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ማሽኑን አስነሳና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። አንዲትም አልመጣችም። አንድ ሙሉ ሳንቃ ላገ። ሁለተኛውን ሲጀምር ማፏጨት አማረው።

ባለመድኃኒት ቤቱ ቁም ሳጥኑን ሊወስድ ሲመጣ መኪናው ውስጥ አስር ደቂቃ ተቀምጦ ሲታዘብ ቆየ። ከዚያ ወረደ፤ መሳቢያውን ሳበ፣ ገፋ፣ «ግሩም ነው» አለ። ሲሄድ አማቱ «ለአፍንጫህ ካሳ» ብለው አንድ ብርጭቆ ማር አስያዙት።

በዚያ ወራት ሚስቱ ከጓሮው ያወጣቻቸው ዱባዎች ለጎረቤትም ተርፈዋል። ንቦቹም በዝተው ቀፎው ጠበባቸው። አማቱ «ሦስተኛ ሳጥን ትሠራልኛለህ?» ሲሉ አናጢው ልኩን እየጠየቀ፣ ከአሮጌው እየለካ፣ ለማንም ደንበኛ ያልተጠነቀቀውን ያህል ተጠንቅቆ ሠራው። ንቦቹን ከፍለው በሚያዛውሩበት ዕለት ከንብ የሚከልል ዐይነ ርግብ አጥልቆ፣ «አንዱን እኔ ላንሳው» አለ።

ንብ የሸፈነውን ፍሬም፣ የማር እንጀራውን የያዘውን የእንጨት ክፈፍ፣ በሁለት እጁ ወደ ላይ ሲያወጣው ክብደቱ ገረመው። አማቱ በጣታቸው ጠቆሙት። ከሌሎቹ ረዘም ያለች፣ ሁሉ መንገድ የሚለቅላት አንዲት ንብ እንጀራው ላይ ትራመዳለች።

«አውራዋ ናት?»

«እሷው ናት።»

«አንቺ!» ብሎ ሚስቱን ተጣራ። «ነይ እይ! ቶሎ ነይ!»

«ከዚሁ ይታየኛል!» አለች ከዱባዎቹ መሃል፣ አንድ እርምጃ ሳትነቃነቅ።

«ዝም በል አንተ» አሉ አማቱ እየሳቁ። «ፍሬሙን እያወዛወዝከው ነው።»