የሙከራው ደብዳቤ

«ጋሼ፣ አንዱን ሶፍትዌር ይምረጡና ልጫነው። አርብ ይዘጉታል እኮ!» አለ የጡረተኛው መሬት ቀያሽ ሚስት ታናሽ ወንድም፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ምግብ ጠረጴዛው ላይ እየከፈተ። የኔትወርክ ቴክኒሻን ነው።

ኢሜይላቸውን አሥራ አንድ ዓመት የያዘላቸው ድርጅት ሊዘጋ ነው። ቀያሹ ከእንግዲህ ኢሜይሉን የሚይዘውን ሰርቨር ቤቴ አቆማለሁ ብሏል። ሁለት የኢሜይል ሳጥን አለ፤ የእሱና የሚስቱ። ሚስቱ ተርጓሚ ነበረች። ከሞተች አራት ወር ሆናት።

«ልዩነታቸውን ንገረኝ።»

«ትልቁ ሶፍትዌር ሁሉንም በአንድ ይዟል፤ ማጣሪያው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ ምኑ ቅጡ። ይቺ ኮምፒውተር ግን ታቃስታለች። ትንሹ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ይልካል፤ በቃ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ነው።»

«ሶፍትዌሩ ቢበላሽ?»

«የትልቁን ደብዳቤ ለማውጣት እኔን ይጠሩኛል። የትንሹን ራስዎ ከፍተው ያነባሉ።»

«አንተ ደግሞ ስልክ አታነሳም።»

«ለትንሹ ተፈረደለት ይበሉኛ!» ቴክኒሻኑ ሳቀ። ቀያሹ አልሳቀም።

«መጀመሪያ የድሮው ኢሜይል አሁንም መሥራቱን እንይ» አለ ቴክኒሻኑ። « አንድ የሙከራ ደብዳቤ ይላኩ።»

ቀያሹ የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ «ሙከራ» ብሎ ጻፈ። ጣቱ እንደ ለመደው የሚስቱን አድራሻ ሞላ። ላከው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ለጊዜው ሕክምና ላይ ነኝ። ሥራችሁን ስመለስ እጨርሳለሁ። ጠብቁኝ።»

ቴክኒሻኑ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ።

«በራሱ የሚመልስ ነው፣ ጋሼ» አለ ቴክኒሻኑ። «ሆስፒታል ልትገባ ስትል እኔ ነኝ ያዘጋጀሁላት። ማጥፋቱን... ረሳሁት።»

ቀያሹ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ምንም አልተሰማውም። ከመጨረሻው ቃል በኋላ አራት ነጥብ መኖሩን አየ።

«ሳጥኗን ክፈተው።»

ሃያ ሦስት ያልተነበቡ ደብዳቤዎች ነበሩ። አንዲት ደንበኛ አምስት ጊዜ ጽፋለች። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ ጤናዎ። ለሌላ ተርጓሚ አልሰጥም፤ እጠብቅዎታለሁ።»

ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትልቁ ያን በራሱ የሚሄድ መልሷን እንዳለ ይዞ ይሻገራል። ትንሹ ግን በራሱ አይመልስም። እኔ ብሆን...» ዓይኑ ከእህቱ ጽሑፍ ላይ አልተነሳም። «እኔ ብሆን ትልቁን ነበር።»

«ትንሹን ጫን።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢያስቡበት...»

«ጫን አልኩህ። ከደብዳቤዎቿ አንድም እንዳይቀር። ለሰዎቹ እኔ እመልሳለሁ።»

ቴክኒሻኑ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ዞረ። ቀያሹ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና አምስት ጊዜ ከጻፈችው ሴት ጀመረ።

«ተርጓሚዋ ሞታለች፤ አይጠብቁ» ብሎ ጻፈ።

ሊልከው ሲል ቆመ። «ተርጓሚዋ» የሚለውን አጥፍቶ «ባለቤቴ» አለው።